የማየት ዋጋ በባሮ ዳር፦ ማስታወቂያ፣ ክፍያና የኒውላንድ ተመልካች

የኢንተርኔት ቪዲዮ ተመልካች ማስታወቂያን የሚያስወግድባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው በየወሩ ከፍሎ ከማስታወቂያ ነፃ የሆነውን አገልግሎት መግዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ማስታወቂያ ማገጃ በሚባለው ሶፍትዌር ማስታወቂያው ከነጭራሹ እንዳይደርስ መከልከል ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ይህ ምርጫ ለዓመታት የቆየ ክርክር አስከትሏል፤ አንዱ ወገን በማገጃ የሚጠቀመውን ሰው የባለሙያን ድካም ያለ ዋጋ እንደሚወስድ ሲቆጥረው፣ ሌላው ወገን ደግሞ ሰው በገዛ ገንዘቡ በገዛው መሣሪያ ላይ ምን እንደሚታይ የመወሰን ሙሉ መብት አለው ብሎ ይሟገታል። ሁለቱም ወገኖች ብዙውን ጊዜ ሳይናገሩት የሚስማሙበት አንድ መነሻ አለ፤ እርሱም ማስታወቂያ ከጊዜና ከትዕግሥት በቀር ተመልካቹን የሚያስከፍለው ነገር እንደሌለ፣ መክፈል የፈለገም መክፈያ እንደማያጣ ማመናቸው ነው። የጋምቤላ ከተማ፣ በተለይም የኑዌር ቋንቋ ተናጋሪዎች በብዛት የሚኖሩበት የኒውላንድ ሰፈር ታሪክ እንደሚያሳየው ግን ሁለቱም እምነቶች በባሮ ወንዝ ዳር አይጸኑም፤ በዚያ ማስታወቂያውን ተሸክሞ ለማምጣት የሚወጣውን ገንዘብ የሚከፍለው ራሱ ተመልካቹ ነበር፣ ከማስታወቂያ ነፃ የሆነው አገልግሎት መክፈያም ለረጅም ጊዜ ዝግ ሆኖ ኖሯል።

የወንዙ ወደብና የማጓጓዣ ዋጋ

ጋምቤላ ከተማ የተቆረቆረችው በንግድና በቀረጥ ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ከብሪታንያ ጋር በተፈራረሙት የድንበር ውል፣ የሱዳን መንግሥት በባሮ ወንዝ ላይ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በዳርቻው በኩል ከ2,000 ሜትር፣ በስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ የንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲይዝ ፈቀዱ፤ ጣቢያው ለፖለቲካም ሆነ ለወታደራዊ ዓላማ እንዳይውልም በውሉ ተደነገገ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጣቢያው በጋምቤላ ሲቋቋም፣ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዞች በኩል የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች በክረምት ወንዙ ሲሞላ እየደረሱ ጨርቃ ጨርቅና ጨው ያራግፉ፣ ከደጋው የወረደውን ቡናም ጭነው ይመለሱ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከደረሰበት መስተጓጎል በስተቀር ሥርዓቱ እስከ ሱዳን ነፃነት ድረስ ቆይቶ፣ ጣቢያው በጥቅምት ወር 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል።

ይህ የወደብ ታሪክ ለቪዲዮው ጉዳይ የሚያበረክተው ቁም ነገር አለ። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ፣ በወንዝ በኩል ደግሞ ለብዙ ወራት ከውጭው ዓለም ተለይታ የምትከርም ከተማ ስለነበረች፣ ወደ ገበያዋ በሚገባ ዕቃ ሁሉ ላይ የዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣው ወጪም ተደምሮበት ይሸጥ ነበር፤ ይህንንም ወጪ በመጨረሻ የሚሸፍነው ከመንገዱ ጫፍ የሚኖረው ገዢ ነው። መርከብ ጨውን፣ በኋላም የጭነት መኪና ሳሙናን ሲያመጣ የነበረው ይህ ሕግ፣ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ሽቦና ማማ ምስልን ሲያመጡም አልተሻረም። ልዩነቱ ገዢው ካዘዘው ዕቃ ጋር ያላዘዘውም አብሮ ተጭኖ መምጣቱ፣ የሁለቱም የማጓጓዣ ሒሳብ በአንድነት መቆጠሩ ነው።

ሦስቱ ከፋዮች

በአየር ለሚተላለፍ ድምፅና ምስል ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ በዓለም ደረጃ የተነሣው ሬዲዮ ሲጀመር ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሬዲዮ መቀበያ ያለው ሰው ሁሉ የፈቃድ ክፍያ እንዲከፍል ስትወስን፣ በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ደብሊው ኢ ኤ ኤፍ የተባለው ጣቢያ ለአንድ የቤት ሽያጭ ድርጅት የአየር ሰዓት በገንዘብ በመሸጥ ሌላውን መንገድ ከፈተ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ዓይነት ከፋዮች ተለዩ፤ የመጀመሪያው አድማጩ ወይም ተመልካቹ ራሱ ነው፣ ሁለተኛው ምርቱን ለማስተዋወቅ የሚከፍለው ነጋዴ ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ መልእክቱን ለማሠራጨት ሲል ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ወይም የፖለቲካ ኃይል ነው። ማስታወቂያን የመሸሽ ጥረትም ከማስታወቂያው ጋር አብሮ አድጓል፤ ዜኒት የተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አምራች እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ ያቀረበው ፍላሽማቲክ የተሰኘ የርቀት መቆጣጠሪያ፣ ተመልካቹ ከተቀመጠበት ሳይነሣ የማስታወቂያን ድምፅ ማጥፋት እንዲችል ያደረገ በመሆኑ፣ የዛሬው ማስታወቂያ ማገጃ የሩቅ ቅድመ አያት ሊባል ይችላል።

በጋምቤላ ቀድሞ የታወቀው ሦስተኛው ከፋይ ነው። ከተማዋ በወንዙ በኩል ከሱዳን ጋር የተሳሰረች፣ ዓረብኛም በገበያዋ የሚሰማ ስለነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1940 ሥራ የጀመረው የሱዳኑ የኦምዱርማን ሬዲዮ አድማጭ ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም። የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር ሬዲዮ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ከኢትዮጵያ ምድር ሲሠራጭ፣ በኢታንግ ሰፍረው ለነበሩት የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የትግሉ ድምፅ ነበር። የእነዚህ ሥርጭቶች አድማጭ ለባትሪ ድንጋይ ከሚያወጣው ገንዘብ በቀር ምንም አይከፍልም፣ የሳሙና ወይም የቢራ ማስታወቂያም አያቋርጠውም ነበር፤ የሚጠበቅበት ዋጋ ጆሮውንና ልቡን ለከፋዩ ዓላማ መስጠት ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥንም በአመዛኙ በመንግሥት ወጪ የቆመ ተቋም ነበር። በደርግ ዘመን ዋና ዋናዎቹ የግል ድርጅቶች ተወርሰው ስለነበር፣ እርስ በርሱ የሚፎካከር ነጋዴ በሌለበት ማስታወቂያም ብዙ ጉልበት አልነበረውም። የማስታወቂያ ገበያ የሰፋው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ የግል ንግድ ሲያንሰራራ ሲሆን፣ መስፋቱን ተከትሎም መንግሥት በ2004 ዓ.ም. የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759ን አወጣ፤ አዋጁ ማስታወቂያ ከመደበኛው ዝግጅት ተለይቶ እንዲታወቅ የሚያስገድድ፣ በይዘቱም ላይ ገደብ የሚጥል ነው። የመገናኛ ብዙኃን በማስታወቂያ ላይ ምን ያህል ተደግፈው እንደቆሙ የታየው ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጦች በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቁ ሲከለክል ነው፤ የቢራ ፋብሪካዎች ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሲነጥፍ የግል ጣቢያዎች የገቢ ቀውስ ገጠማቸው። ተመልካቹ በነፃ የሚያየው የመሰለው ዝግጅት ዋጋው ቀድሞም ሲከፈል እንደነበረ ያን ጊዜ በገሃድ ታወቀ።

በር ላይ የሚከፈል ሳንቲም

የመጀመሪያው ከፋይ፣ ማለትም ተመልካቹ ራሱ፣ በጋምቤላም እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ከተሞች በይፋ የታየው በቪዲዮ ቤት ነው። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ማጫወቻ ያለው፣ አግዳሚ ወንበሮች የተደረደሩበት፣ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚሠራ፣ መግቢያው በሳንቲም ወይም በጥቂት ብር የሚከፈልበት አነስተኛ የግል ሲኒማ ነው። በካሴት የጀመረው ይህ ሥራ በኋላ ወደ ሲዲና ወደ ዲቪዲ ሲሸጋገር፣ የህንድና የሆሊውድ ፊልሞች፣ የአማርኛ ድራማዎችና የሙዚቃ ቪዲዮዎች ዋና ሸቀጦቹ ነበሩ። ክፍያው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ፊልምና ለአንድ ወንበር የተመጠነ በመሆኑ ቋሚ ደመወዝ የሌለው ወጣትም ሊችለው ይችል ነበር፤ የወር ውል፣ የባንክ ሒሳብ፣ የቤት ካርታ ወይም መታወቂያ የሚጠይቀው አልነበረም።

የቪዲዮ ቤት ቀጣይ ቅርፅ የእግር ኳስ ማሳያ ቤት ነው። መልቲቾይስ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በሚያሠራጨው ዲኤስቲቪ አማካይነት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ሲገቡ፣ የወር ክፍያው ለአንድ ቤተሰብ ከባድ ስለነበረ፣ የቤቱ ባለቤት የወሩን ዋጋ ከፍሎ በየጨዋታው ከሚገባው ተመልካች በጥቂት በጥቂቱ ይሰበስበዋል። የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባዋል። አንደኛው፣ የማሳያ ቤቱ ባለቤት ለከተማው የሚሰጠው አገልግሎት ምስል ማሳየት ብቻ ሳይሆን ትልቁን የወር ዋጋ በወንበርና በሰዓት መሸንሸን መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በር ላይ የከፈለው ተመልካች ከማስታወቂያ ነፃ አለመውጣቱ ነው፤ በእረፍት ሰዓት የሚታየው ማስታወቂያ ለከፈለውም ላልከፈለውም እኩል ይታይ ስለነበር፣ ክፍያና ማስታወቂያ ተተካኪ ነገሮች ናቸው የሚለው የኋለኛው ዘመን አስተሳሰብ የዲኤስቲቪ ቤት ደንበኛ የሚያውቀው ሥርዓት አልነበረም።

በአንጻሩ ዲሽና ሪሲቨር አንድ ጊዜ ብቻ ተገዝቶ ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚታየው የሳተላይት ቴሌቪዥን፣ የሁለተኛውን ከፋይ ዘመን ወደየቤቱ አስገባ። ኢቢኤስ በ2000 ዓ.ም.፣ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ ያቀረበው ቃና ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምሩ፣ ገቢያቸው በማስታወቂያ ላይ የተመሠረተ ነበር። ለዲሽ ተመልካች ማስታወቂያ የሚያስከፍለው ጊዜን ብቻ ነው፤ ከሳተላይት የሚወርደው ሞገድ ለፕሮግራሙም ለማስታወቂያውም ተጨማሪ ሒሳብ አያስቆጥርምና። በዚህ ረገድ የዲሽ ዘመን የጋምቤላ ተመልካች ከለንደን ወይም ከኒውዮርክ ተመልካች ጋር በአንድ ሚዛን ላይ የቆመበት አጭር ጊዜ ነበር ማለት ይቻላል።

በሜጋባይት የሚመዘን ማስታወቂያ

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ቢሆንም፣ ቪዲዮን በኢንተርኔት ማየት ለተራው ሰው የተቻለው ዘመናዊ ስልክና የሞባይል ዳታ ከተስፋፉ በኋላ ነው። በመካከሉ በሌላው ዓለም የማስታወቂያው ጦርነት ብዙ ርቀት ተጉዞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ዩቲዩብ በቀጣዩ ዓመት በጉግል ተገዝቶ፣ በ2007 በቪዲዮዎች ላይ ማስታወቂያ ማሳየትና ገቢውን ለሠሪዎቹ ማካፈል ጀመረ፤ በ2010 መጨረሻ ደግሞ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ሊታለፍ የሚችለውን ማስታወቂያ አስተዋወቀ። ማገጃውም ከዩቲዩብ ቀድሞ የተወለደ ነው፤ የመጀመሪያው አድብሎክ በዴንማርክ በ2002 ተሠርቶ፣ አድብሎክ ፕላስ በ2006፣ ዩብሎክ ደግሞ በ2014 ተከተሉት። የጀርመን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2018 ማገጃን ማቅረብ ሕገወጥ እንዳልሆነ ሲወስን፣ ዩቲዩብ በበኩሉ በ2015 ዩቲዩብ ሬድ በሚል ስም በአሜሪካ የጀመረውንና በኋላ ፕሪሚየም ያለውን ከማስታወቂያ ነፃ አገልግሎት እየገፋ፣ በ2023 በማገጃ ተጠቃሚዎች ላይ ቪዲዮ እስከ መከልከል የሚደርስ ዘመቻ ከፈተ።

ማገጃ የሚሠራበት መንገድ ለኒውላንድ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ መብራራት አለበት። ማገጃው የማስታወቂያ አቅራቢዎችን አድራሻ የያዘ ዝርዝር ይዞ፣ የድረ ገጽ መክፈቻው ከእነዚያ አድራሻዎች አንዱን ሲጠራ ጥሪውን ያስቀራል፤ ስለዚህ ማስታወቂያው ከመጣ በኋላ የሚደበቅ ሳይሆን ከመነሻው የማይጫን ነው። በዩቲዩብ ላይ ማስታወቂያውና ቪዲዮው ከአንድ ኩባንያ ማከማቻ ስለሚመጡ ሥራው ይከብዳል፤ በስልክ ላይ የሚገኘው የዩቲዩብ መተግበሪያ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማገጃ ሶፍትዌር አይቀበልም። በኮምፒውተር ዙሪያ ያደገው የማገጃ ባህል በስልክ ብቻ ወደሚመለከት ሕዝብ እንዳለ ያልተሻገረውም በዚህ ምክንያት ነው።

በኒውላንድ የዚህ ሁሉ ትርጉም የሚታወቀው በዳታ ሒሳብ ነው። የሞባይል ዳታ በሜጋባይትና በጊጋባይት እየተመጠነ በጥቅል፣ ማለትም በፓኬጅ፣ ይሸጣል፤ ጥቅሉ ሲያልቅ ምስሉ ይቆማል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በደቂቃ 7.5 ሜጋባይት ይጨርሳል፤ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያም በዚሁ ስሌት 3.75 ሜጋባይት ይበላል። በቀን አሥር እንዲህ ያሉ ማስታወቂያዎችን እስከ መጨረሻው ያየ ሰው በቀን 37.5፣ በ30 ቀናት ደግሞ 1,125 ሜጋባይት፣ ማለትም በገዛ ገንዘቡ የገዛውን ከአንድ ጊጋባይት በላይ ዳታ ለማስታወቂያ ማጓጓዣ አውሏል ማለት ነው። አስተዋዋቂው ለኩባንያው ከፍሏል፣ ኩባንያውም ከገቢው ለቪዲዮው ሠሪ አካፍሏል፤ ማስታወቂያውን ከማከማቻው እስከ ባሮ ዳር ያደረሰበትን ዋጋ የሸፈነው ግን ተመልካቹ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ከፍሎ ያለ ገደብ በሚጠቀምበት ቤት ለሚኖር አውሮፓዊ ይህ ወጪ ስለማይታየው፣ በክርክሩ ውስጥም እምብዛም ጎልቶ አልታየም።

በአፍሪካ የማገጃ ታሪክ ከመርህ ይልቅ ከዳታ ቁጠባ ጋር የተሳሰረውም ለዚህ ነው። ድረ ገጾችን ጨምቆ በማቅረብ የሚታወቀው ኦፔራ ሚኒ እ.ኤ.አ. በ2016 ማገጃን በውስጡ ሲያካትት፣ ለተጠቃሚው የቀረበው ዋና ምክንያት ፍጥነትና የዳታ ቁጠባ ነበር፤ ማገጃውን ያበራ ሰው ስለ ማስታወቂያ ሥነ ምግባር አቋም ወስዶ ሳይሆን ጥቅሉ እስከ ማታ እንዲዘልቅለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል። የሌሊቱ ጥቅል ከቀኑ ስለሚረክስ ሌሊት አውርዶ ቀን ማየትም የዚያው የቁጠባ ብልሃት ሌላ ገጽታ ነው።

በየካቲት 2015 ዓ.ም. ዩቲዩብን፣ ፌስቡክን፣ ቴሌግራምንና ቲክቶክን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች በመላ አገሪቱ ሲገደቡና እስከ ሐምሌ ሲቆዩ ደግሞ የማስታወቂያ ሚና በሌላ በኩል ታየ። በእነዚያ አምስት ወራት ገደቡን የተሻገረው ሰው በቪፒኤን፣ ማለትም የተጠቃሚውን ግንኙነት በሌላ አገር በኩል አዙሮ በሚያሳልፍ መሣሪያ ተጠቅሟል፤ በነፃ የሚገኙት ቪፒኤኖች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው በማስታወቂያ የሚተዳደሩ በመሆናቸው፣ ተመልካቹ ወደ ቪዲዮው ለመድረስ አንድ ማስታወቂያ፣ ከደረሰ በኋላም ሌላ ማስታወቂያ ማየት ነበረበት፤ የሁለቱም ዳታ ከዚያው ጥቅል ይቀነስ ነበር።

ዝግ የነበረው የክፍያ መንገድ

ይህን ወጪ ለማስቀረት መክፈል የሚፈልግ ሰው ምን አማራጭ ነበረው? ኢትዮጵያ ዩቲዩብ ፕሪሚየም በይፋ ከሚሸጥባቸው አገሮች ውጪ ሆና ለዓመታት ቆይታለች። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ አገልግሎቱን ወደ 130 አገሮች ሲያስፋፋ ኢትዮጵያም የተካተተች ቢሆንም፣ ሒሳቡ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ፣ ዓለም አቀፍ በሆነ የባንክ ካርድ ነበር። የብር ሒሳብ ያለው ተራ ደንበኛ በካርዱ ወደ ውጭ አገር መክፈል ስለማይችል፣ በተግባር የተገኙት መንገዶች በውጭ ያለ ዘመድ እንዲከፍል ማድረግ፣ ወይም በቴሌግራም ከሚነግዱ ደላሎች የጋራ መለያ በብር መግዛት ነበሩ። በዚህ ዘመን መክፈል ወይስ ማገድ ተብሎ በሚቀርበው ጥያቄ ውስጥ የመጀመሪያው ምርጫ ለኒውላንድ ነዋሪ ከስም ያለፈ አልነበረም።

በአገር ውስጥ ግን የመክፈያ መሣሪያው በፍጥነት ተለውጧል። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር፣ ባንክ ቤት ላልረገጠ ሰው በስልኩ ገንዘብ መቀበልና መክፈል ቀለለ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ወደ ገበያው ሲገባም ዘርፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድር አየ። ይህ ለቪዲዮ ያለው ፋይዳ የክፍያው መጠን ማነሱ ነው፤ ዳታ በቀንና በሰዓት ጥቅል በጥቂት ብር የሚገዛበት ሥርዓት፣ የቪዲዮ ቤቱን የበር ሳንቲም በስልክ ላይ መልሶ ያመጣ ያህል ነበር። የተለወጠው ሳንቲሙን የሚሰበስበው ነው፤ ተመልካቹ የሚከፍለው ምስሉን ላመጣው አጓጓዥ እንጂ ምስሉን ለሠራው ሰው አልነበረም።

መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግና የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ደንቦችን ሲያላላ፣ ለውጭ አገልግሎት መክፈል ከበፊቱ ይልቅ ቀለለ። ሆኖም የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለደረሰ፣ ቀድሞ ከ600 ብር በታች ይመጣ የነበረው የ10 ዶላር ወርሃዊ ክፍያ ከ1,000 ብር አለፈ። መንገዱን የከፈተው እርምጃ የመተላለፊያውን ዋጋ ወደ እጥፍ አስጠጋው።

የዘፋኙ ድርሻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ማገጃን ለሚደግፈው ወገን የሚያደላ ይመስላል። የሥራው ባለቤት ሲታሰብ ግን ሚዛኑ ይለወጣል፤ የቪዲዮ ቤቱ የበር ገንዘብ ለፊልም ሠሪው ደርሶ አያውቅም ነበርና። ቪዲዮ ቤቶችና ካሴት አባዢዎች ያለ ፈቃድ መሥራታቸው በመላ አገሪቱ የኪነ ጥበብ ባለሙያዎችን ያስመረረ ጉዳይ ሲሆን፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የተጀመረው የደራሲነት መብት ጥበቃ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠናክሮ፣ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው በተሠራጨ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈል ድርሻ፣ አሰባሰብ መሠረት ተጥሎለታል። ሕጉ ለግል ጥቅም የሚደረግ ውስን ቅጂን ቢፈቅድም፣ ለሽያጭ ማባዛትን ይከለክላል፤ ስለ ማስታወቂያ ማገጃ ግን ለይቶ የሚናገረው ነገር የለም።

በቁጥር አነስተኛ ተናጋሪ ያላቸው ቋንቋዎች ዘፋኞች ከአገር አቀፉ የካሴት ገበያ ያገኙት ጥቅም ውስን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከኢታንግና ከሌሎች ካምፖች የተነሡ የኑዌር ስደተኞች በአሜሪካ፣ በተለይም በነብራስካና በሚኒሶታ ግዛቶች ሲሰፍሩ፣ በነብራስካዋ ከተማ በኦማሃ፣ በጁባና በጋምቤላ የተበተነ አንድ የሙዚቃ አድማጭ ማኅበረሰብ ተፈጠረ፤ በሚኒሶታ ሌላው የጋምቤላ ሕዝብ የሆነው የአኙዋ ማኅበረሰብም በተመሳሳይ መንገድ አድጓል። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በኋላ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ወደ ጋምቤላ ክልል ሲያመጣ፣ የኩሌ፣ የጢየርኪዲ፣ የጀዊና የኙኝየል ካምፖች ይህን ማኅበረሰብ ይበልጥ አሰፉት። ዩቲዩብ ለዚህ ተበታትኖ ለሚኖር ሕዝብ የጋራ መድረክ ሆነ፤ ሠሪው ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን እንዲያገኝ የሚያደርገው የኩባንያው ደንብም፣ ገቢ ለማግኘት የሚያስፈልገውን መስፈርት ለሚያሟላ የኑዌርኛ ዘፋኝ ቪዲዮ ቤቶች ያልሰጡትን ድርሻ ሰጠው።

ሆኖም ድርሻው ከየትኛው ተመልካች እንደሚመጣ ሲታይ ልዩነቱ ሰፊ ነው። አስተዋዋቂዎች ለአንድ ዕይታ የሚከፍሉት ዋጋ እንደ ተመልካቹ አገር የመግዛት አቅም ስለሚለያይ፣ ከኦማሃ የሚገኝ ዕይታ ከኒውላንድ ከሚገኘው ብዙ እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ፕሪሚየም የሚከፍል ተመልካችም ቢሆን ከክፍያው የተወሰነው ባየው ጊዜ ልክ ለሠሪዎቹ ይከፋፈላል። ስለዚህ በነብራስካ የሚኖር ዘመድ ማገጃ ቢጠቀም ለዘፋኙ የሚያጎድለው፣ የኒውላንዱ ወንድሙ ከሚያጎድለው እጅግ ይበልጣል፤ ማስታወቂያውን ለማየት የሚያወጣው ወጪ ግን በተቃራኒው የኒውላንዱ ይከብዳል። አንድ ዓይነት ድርጊት በሁለቱ ቦታዎች ሁለት የተለያየ ሥነ ምግባራዊ ክብደት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማገጃ ይልቅ የዘፋኙን ድርሻ በጋምቤላ ያስቀረው ግን ሚሞሪ ካርድ ነው። በስልክ ጥገናና በፎቶ ኮፒ ሱቆች ኮምፒውተር ያለው ሰው አንድ ጊዜ ያወረደውን ዘፈንና ድራማ በሚሞሪ ካርድ ወይም በፍላሽ ላይ በክፍያ መጫን የተለመደ ሥራ ሆኗል፤ ከዚያም ዜንደርን በመሰሉ መተግበሪያዎች ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። ይህ አሠራር ለተመልካቹ ማስታወቂያንም የዳታ ወጪንም በአንድ ጊዜ ያስቀርለታል፤ የሚከፈለው ገንዘብ ለጫኚው ሲቀር ለሠሪው ግን አንድ ዕይታ እንኳ አይቆጠርለትም። በታሪክ ዓይን ሲታይ የሚሞሪ ጫኚው የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ወራሽ ነው፤ ከባዱን የማምጫ ወጪ ለብዙዎች ያከፋፍላል፣ ለፈጠራው ባለቤት ግን ምንም አያደርስም።

የክርክሩ ትክክለኛ ቦታ

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ከሁለቱ የተለመዱ ወገኖች የተለየ ነው። የኒውላንድ ተመልካች ያለ ዋጋ ማየት የለመደ አይደለም፤ በቪዲዮ ቤት በር፣ በእግር ኳስ ማሳያ፣ በዲሽ ግዢ፣ በዳታ ጥቅልና በሚሞሪ ካርድ በየዘመኑ ከፍሏል፣ የክፍያው መጠን በቀን ገቢው ልክ በተተመነ ጊዜም ሳያንገራግር ከፍሏል። የዳታውን ዋጋ ራሱ እየሸፈነ የሚመጣበትን ማስታወቂያ ማገዱም ሌብነት ሳይሆን ያልተስማማበትን የማጓጓዣ ሒሳብ አለመቀበል ነው። ይህ ፍርድ ግን ለሁሉም ሰው አይሠራም፤ ገደብ የሌለው ኢንተርኔትና ዓለም አቀፍ ካርድ ያለው፣ በአዲስ አበባም ሆነ በኦማሃ የሚኖር ሰው በዚሁ ምክንያት ማገጃን ሊያጸድቅ አይችልም፤ እርሱ መክፈል ይቻለዋልና፤ በኦማሃ ካለም የሚወደው ዘፋኝ ድርሻ በዋናነት የሚመጣው ከእርሱ ነው።

ስለዚህ ዕዳው ከተመልካቹ ይልቅ በሦስት ተቋማት ላይ ይወድቃል። የቪዲዮ ኩባንያዎች በወር ብቻ ሳይሆን በቀን ሊገዛ የሚችልና በብር የሚከፈል አገልግሎት ቢያቀርቡ፣ የቴሌኮም ኩባንያዎች የማስታወቂያውን ዳታ ከደንበኛው ጥቅል ሳይሆን ከአስተዋዋቂው ሒሳብ ቢቀንሱ፣ የቅጂ መብት አስከባሪዎችም ሚሞሪ ጫኚውን ከማሳደድ ይልቅ አነስተኛ ፈቃድ እየሰጡ ለዘፋኙ ድርሻ የሚሰበስብ ወኪል ቢያደርጉት፣ ክፍያው የተለመደውን መንገድ ይዞ ወደ ባለቤቱ ሊደርስ ይችላል። እነዚህ ሳይሟሉ በጋምቤላ ማገጃን ማውገዝ፣ ላልተከፈተ ሱቅ ደንበኛ አልመጣም ብሎ እንደ መክሰስ ይሆናል።